ዘጠነኛው መልመጃ

ጥቅምት 6

ለተከበሩ አጎቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የሰው አገሩ ብርድ ለቀቅ አደረገዎት ወይስ ገና መጀመሩ ነው? እኛ ሁላችን ደህና ነን። እናቴ «ለወንድሜ በእኔ ስም ሦስት ጊዜ ሰላም በዪልኝ፤ አንዷንም እንዳትቀንሺ» ስላለችኝ ይኸው ሦስት ጊዜ ሰላም ብላዎታለች። ያልደወልኩት ለምን እንደሆነ ያውቁታል። ስልኩን እሷ ትቀማኝና ገና የጤናውን ጥያቄ ሳትጨርሱ መስመሩ ይቆረጣል።

አሁን ወሬዬን ልንገርዎት። ተቀጠርኩ። ያውም የት መሰለዎት፤ እርስዎ ያስተማሩበት ትምህርት ክፍል፣ እርስዎ ያስተማሩትን ትምህርት፣ የሥነ አመክንዮ መግቢያን። በተመረቅሁ በአራተኛው ወር ማለት ነው። ለአንድ ዓመት ብቻ፣ በረዳት አስተማሪነት። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «የእሱ የእህት ልጅ አይደለሽ? ትወጪዋለሽ» አለኝና ጠመኔ ሰጠኝ።

አዳራሹ ሁለት መቶ አሥራ አራት ተማሪ ይይዛል። ማለቴ፣ አይይዝም፤ ግን ገብተዋል። ማይክሮፎኑ በየአሥር ደቂቃው ይሞታል። ያን ጊዜ ከፊት ያሉት ይሰሙኛል፣ ከኋላ ያሉት ያዩኛል ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት «ሙግት ማለት ጭቅጭቅ አይደለም፤ ከመነሻ ሐሳቦች ተነስቶ ወደ ድምዳሜ የሚወስድ መንገድ ነው» ስል አንዷ ከፊት ወንበር «ቤት መጥተው ለአባቴ ይንገሩልኝ» አለችኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ግን ጉሮሮዬ የብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ነበር።

የመማሪያ መጽሐፍ የለም። ኃላፊው የአንድ ቁምሳጥን ቁልፍ ሰጠኝና «እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር አይጠፋም» አለኝ። ከታች፣ ከተሰበረ ወንበር ሥር፣ የእርስዎን ሃንዳውት አገኘሁት። በስቴንስል የተባዛ፣ መቶ ስምንት ገጽ፣ ጠርዙ የነደደ የሚመስል። ቆሜ ጀምሬው መሬት ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። አጎቴ፣ እርስዎ እንዲህ ይጽፉ እንደነበር ለምን ማንም አልነገረኝም?

ጉዳዬ ይህ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ይህን ሃንዳውት አድሼ፣ ሞጁል አድርጌ ለኮሚቴ ማቅረብ አለብኝ። ከወደዱት ቋሚ እሆናለሁ። ካልወደዱት «እናመሰግናለን» ነው። ማውጫው ላይ አሥራ ሁለት ምዕራፍ አለ፤ ውስጡ ያለው አሥራ አንድ ነው። አሥራ ሁለተኛው «ስለ ስህተት» ይላል፤ ገጹ የለም። ቁምሳጥኑን እስከ ጥጉ በረበርኩት፤ ያገኘሁት የእርስዎን ጃንጥላና አንድ የደረቀ በረሮ ነው። እባክዎ ከእርስዎ ዘንድ ካለ ይላኩልኝ። ከሌለም በአጭሩ ይጻፉልኝ።

ዕድሜና ጤና ያብዛልዎት።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 9

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በመቀጠርሽ ደስ ብሎኛል። እናትሽን አንቺም በእኔ ስም ሦስት ጊዜ ሳሚያት፤ እንዳትጣላን።

ጉልበቴ እንዳለ አለ። ሥራዬ ቁጭ ብዬ ስለሆነ ብዙ አልጠይቀውም። ለእናትሽ «ባቡር ድርጅት ውስጥ ቢሮ አለኝ» ብያታለሁ። ውሸት አይደለም፤ ጠረጴዛም ወንበርም አለኝ። የሌለኝ መስኮት ነው። ክፍሉ ከጣቢያው ምድር ቤት ነው፤ ሰው ባቡር ላይ የረሳው ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል። ሻንጣ፣ ጓንት፣ ጥርስ፣ አንድ ጊዜም የሠርግ ልብስ። አምስት መደርደሪያ አለኝ። ስነሳም ስቀመጥም የማየው እሱን ነው።

የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚሟገተኝ አንድ ሙግት ነው። «ሻንጣዬ ጥቁር ነው» ይለኛል። እሺ እለዋለሁ። «ያኛው ጥቁር ነው» ይለኛል። እሺ እለዋለሁ። «እንግዲያ የእኔ ነው።» ውስጡ ምን አለ ብዬ ስጠይቀው ይቆጣኛል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጥቁር የሆነ ሁሉ ያንተ አይደለም ስል ኖርኩ። ከፈለግሽ ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው።

ሃንዳውቱን ተዪው። ያረጀ ነው። ዛሬ ከእሱ የተሻለ መጽሐፍ አይጠፋም፤ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቂ። አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ የሚባል የለም። ሊጻፍ ታስቦ ነበር፤ አልተጻፈም። ከማውጫው ላይ ሰርዢውና አሥራ አንድ በዪ፤ የሚቆጥረው የለም።

የድሮው ቢሮዬ፣ ዘጠኝ ቁጥር፣ መስኮቱ አሁንም አልዘጋ ይላል? ወረቀት አጥፌ እሸጉጥበት ነበር።

ፈጣሪ ካንቺ ጋር ይሁን።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 3

ለምወድዎት አጎቴ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ድረስ ይድረስዎት። እናቴ ደህና ናት፤ የቢሮዎን ነገር አንብቤላት «መስኮት የሌለው ቢሮ ምን ዓይነት ነው፤ የአለቆች ይሆናል» አለች። አላረምኳትም።

የዘጠኝ ቁጥር መስኮት አሁንም አይዘጋም። የእርስዎ ወረቀት አሁንም እዚያው ተሸጉጧል፤ ዘንድሮ እኔ አንድ ጨመርኩበት።

የጥቁሩን ሻንጣ ሙግት በክፍል ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ስድስት ጥቁር ቦርሳ ደርድረው ጠበቁኝ። ጥሩ ልጆች ናቸው። ደክመዋል እንጂ። አንድ ወንበር ላይ ለሦስት ተቀምጠው፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ «አንዳንድ» እና «ሁሉም» ምን ልዩነት አላቸው ስላቸው ዓይናቸው ይከደናል። እኔም ሁለት መቶ አሥራ አራት የፈተና ወረቀት አርሜ ዓይኔ ሁለት ሁለት ያይ ጀምሯል። ሃንዳውቱን አልተውኩትም፤ ይቅርታ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው መጽሐፍ አንድ ነው፤ የተዋሰው ሰው ደግሞ ጡረታ ወጥቷል።

አሁን የመጣብኝን ልንገርዎት። ፈተናው ላይ ከምዕራፍ ሰባት ዘጠነኛውን መልመጃ እንዳለ አገባሁት። የሚለው ይህን ነው፦

ቃሉን የሚጠብቅ አስተማሪ ሁሉ ይደክማል።
ቃሉን የሚጠብቅ አስተማሪ ሁሉ ይከበራል።
ስለዚህ ከሚደክሙት አንዳንዶቹ ይከበራሉ።

ድምዳሜው ይከተላል ወይስ አይከተልም ነው ጥያቄው። ከኋላ ያለው የእርስዎ የመልስ ገጽ «ይከተላል» ይላል። ስልሳ አንድ ተማሪ «አይከተልም» ብሏል። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁና ስልሳ አንዱንም ሰረዝኩ።

ትናንት ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ቢሮ መጣ። አፉን ሲከፍት በ«ግን» ስለሚጀምር ጓደኞቹ «ግን» ነው የሚሉት።

«ግን አስተማሪ፣» አለኝ፣ «ቃሉን የሚጠብቅ አንድም አስተማሪ ባይኖርስ?»

«ማለት?»

«ማለትማ፣ ከሌለ የሚደክመው ማን ነው? የሚከበረውስ? ሁለቱ መነሻዎች እውነት ናቸው፤ የሚያፈርሳቸው ሰው የለም። ድምዳሜው ግን አንዳንዶቹ ይላል። የቶቹ?»

«ምነው፣ አንድ እንኳ አላጋጠመህም?» አልኩት፤ ለመቀለድ ነበር።

«ይህ መልስ አይደለም» አለኝ። አክብሮ ነው ያለኝ፤ እሱ ነው ያናደደኝ። የመልሱን ገጽ አሳየሁትና አሰናበትኩት። ሲወጣ የራሱን ሃንዳውት ከፍቶ አሳየኝ። ተማሪዎቹ የሚያባዙት ግቢው በር ላይ ካለችው ኮፒ ቤት ነው፤ ለካ እዚያ ከድሮ የቆየ ቅጂ አለ። ከዘጠነኛው መልመጃ ጎን በእርሳስ የተጻፈ የሚመስል ትንሽ የጥያቄ ምልክት አለ። የማሽኑ እድፍ ነው አልኩት።

እሱ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ከስልሳ አንዱ መካከል አራቱ በአንድ ነጥብ ወድቀው ከትምህርት ይባረራሉ። አንዱ «ግን» ነው። ጥያቄው ሁለት ነጥብ አለው። ውጤት የሚገባው ጥር 5 ነው። አጎቴ፣ ትክክሉ ማን ነው፣ ልጁ ወይስ የመልሱ ገጽ? ከዚያ በፊት አንድ መስመር ይጻፉልኝ። አሥራ ሁለተኛውን ምዕራፍም አልረሳሁትም።

በጤና ያቆይልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 8

ለአጎቴ፤

ሰላም ነዎት? እኛ ደህና ነን።

መልስዎ አልመጣም። ውጤቱን አስገባሁ፤ በመልሱ ገጽ መሠረት።

እናቴ በየቀኑ ፖስታ ሣጥኑን እየከፈተች «ቢታመም አይጽፍም ነበር፤ ይኸው አልጻፈም፤ ታሟል» ትላለች። እማዬ፣ ይሄ አይከተልም፤ ሳይታመምም ላይጽፍ ይችላል አልኳት። «አፍሽን ያዢ፤ ሳይታመም የማይጽፍ ወንድም የለኝም» አለችኝ። ይሄኛው ይከተላል። አንዷ መነሻ ብቻ ናት ያስፈራችኝ።

ከታመሙ ይጻፉልን። ካልታመሙም ይጻፉልን።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 2

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። አልታመምኩም። ለእናትሽ እንደዚያው ንገሪያት።

የታኅሣሥ ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ይዤው ስወጣና ስገባ ነበር። አንድ ቀን ካፖርቴን ራሴ ባቡር ላይ ረስቼው ወረድኩና እኔው ዘንድ መጣ። መዝገብ ላይ «ጥቁር ካፖርት፣ ኪሱ ውስጥ አንድ ደብዳቤ» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቱ ማን ነው በሚለው ላይ ስሜን ስሞላ አፈርኩ።

ልጁ ትክክል ነው።

ምዕራፍ ስድስትን ተመልከቺ። እዚያ ላይ «ሁሉም የሚለው ቃል ማንም እንዳለ አይመሰክርም» ብያለሁ። ይህንን የጻፍኩት አዲስ መጽሐፍ ካገኘሁ በኋላ ነው። የመልሱን ገጽ ግን ከድሮው መጽሐፍ ነበር ያዘጋጀሁት፤ በድሮው አካሄድ «ሁሉም» ካልሽ መኖራቸውን አምነሻል። አንዱን ምዕራፍ አድሼ ሌላውን ሳላይ አባዛሁት። ለተማሪዎችሽ እንዲህ አስረጂ፦ አምስተኛው መደርደሪያዬ ዛሬ ባዶ ነው። «አምስተኛው መደርደሪያ ላይ ያለ ሻንጣ ሁሉ ጥቁር ነው» ብልሽ ውሸታም ልትዪኝ አትችዪም፤ ጥቁር ያልሆነ አታገኚበትም። «እንግዲያ አንዱን ጥቁር ሻንጣ ስጠኝ» ብትዪኝ ግን የምሰጥሽ የለኝም።

ይህን ለመጻፍ አምስት ደቂቃ በቂ ነበር። ያዘገየኝ ሌላ ነው።

በመጨረሻው ዓመቴ አንዲት ተማሪ ዘጠኝ ቁጥር ቢሮ መጣች። በግራዋ ነበር የምትጽፈው፤ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ትሰካ ነበር። ያ ልጅ ያለሽን ቃል በቃል አለችኝ፦ ቃሉን የሚጠብቅ አንድም አስተማሪ ባይኖርስ? በሩ ላይ የቆሙት ተማሪዎች ሳቁ። በዚያ ሳምንት የፈተና ወረቀታቸውን እመልሳለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ቀጥሬ ሦስት ጊዜ አስቀርቻቸዋለሁ። እኔን መንካቷ መሰለኝ። ሙግቱን ትቼ ልጅቷን ተመለከትኩ። «ከመልሱ ገጽ ትበልጫለሽ?» አልኳት። በአንድ ነጥብ ወደቀች፤ ተባረረች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለክፍል ስዘጋጅ ምዕራፍ ስድስትን ከፈትኩ። ልጅቷ ትክክል ነበረች። ሬጅስትራር በር ድረስ ሄድኩ። ውስጥ ሁለት ሰዎች መዝገብ እያገላበጡ ይስቁ ነበር። ስገባ «ምን ፈልገህ ነው?» ሊሉኝ ነው፤ እኔም ልነግራቸው ነው። በሚቀጥለው መንፈቅ አደርገዋለሁ ብዬ ተመለስኩ። «ስለ ስህተት» የሚለውን ርዕስ ማውጫው ላይ የጨመርኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ ከአገር የመውጫው ዕድል መጣ።

የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። እኔ ያደረግሁትን አታድርጊ። ሁለተኛው፣ ያቺ ልጅ የት እንደደረሰች ጠይቂልኝ። ስሟን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

አጎትሽ


መጋቢት 10

ለአጎቴ፤

ጤናዎን ይስጥልኝ። እኔ ደክሞኛል፤ ከዚህ በላይ ሰላምታ አይወጣልኝም።

አንድ ሳምንት ሙሉ ተቆጥቼዎት ነበር። እናቴ «ምን ብሎ ጻፈ?» ስትለኝ «ስለ መደርደሪያ ነው» አልኳት።

መጀመሪያ ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ሻዩን እያማሰለ ሰማኝ።

«ውጤት ተዘግቷል» አለኝ።

«ይከፈታላ።»

«ማን ጠየቀሽ? ቅሬታ ያቀረበ አለ?»

«አንድ ልጅ አቅርቦ ነበር፤ እኔ ነኝ የመለስኩት።»

«እንግዲህ መልሰሽዋል። ስሚኝ ልጄ፣ ይሄ ሃንዳውት ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ ሲሠራበት የኖረ ነው። እኔም በእሱ ነው የተማርኩት። አንቺ የአንድ ዓመት ቅጥር ነሽ። ኮሚቴው ፊት ቀርበሽ፣ ሁላችሁም በተሳሳተ መልስ ነው የተለካችሁት ልትዪ ነው?»

«እርስዎ ዘጠነኛውን ምን ብለው ነበር የመለሱት?»

ሻዩን ማማሰል አቆመ። «ይከተላል ብዬ ነዋ» አለኝ። «አልፌያለሁ።»

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ቆምኩ። ማይክሮፎኑ እንደልማዱ «ተሳስቻለሁ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ሞተ። ከኋላ «ምን አለች?» ሲባባሉ ይሰማኛል። ወንበር ላይ ወጥቼ ጮህኩላቸው። ተሳስቻለሁ፣ ስልሳ አንዳችሁ ትክክል ናችሁ፣ አንዳችሁ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ነግሮኝ ነበር፣ አሳፍሬ መለስኩት። የባዶውን መደርደሪያ ነገር አስረዳሁ። ማንም አላጨበጨበም። ውጤት እስኪጸድቅ ክፍል እየገባ ያለው «ግን» ከኋላ እጁን አወጣ።

«ግን አስተማሪ፣ የቀሩት መቶ ሃምሳ ሦስቱስ? ተሳስተው ያገኙትን ይቀነሱ?»

አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አንተ ዝም በል» አለው። ከወራት በኋላ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። አልቀነስኩባቸውም፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ስልሳ አንድ የእርማት ቅጽ ሞላሁ። እያንዳንዱ ሦስት ፊርማ ይፈልጋል፦ የእኔ፣ የኃላፊው፣ የሬጅስትራሩ። ኃላፊው በቀን አምስት ብቻ ይፈርማል፤ እጁን ያመዋል አለኝ። ሬጅስትራሩ ደግሞ ፎርሙ ላይ ያለው «ምክንያት» የሚለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ከሦስት ቃል በላይ አትጻፊ አለኝ። ስልሳ አንዱም ላይ «አስተማሪዋ ተሳስታለች» ብዬ ሞላሁ። ሁለት ቃል ነው፤ ቦታ ተረፈ። አራቱ ልጆች አልተባረሩም።

አሁን ሁለተኛው ልመናዎ። ስሟን ይዤ ሬጅስትራር ስጠይቅ ማህደሩ የለም አሉኝ። ተስፋ ቆርጬ በበሩ ስወጣ የቅጾቹን ቅጂ ላስነሳ ኮፒ ቤቷ ገባሁ። ባለቤቷ ወረቀቶቹን ስታስተካክል አየኋት። በግራ እጇ። እርሳሱ ጆሮዋ ላይ ነው። አምስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ስገባ ስወጣ አይቻት፣ እንደ በሩ ነበር ያየኋት።

የላኩልኝን ትንሿን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አደረግሁላት። ስሟን አነበበችና ጽሑፉን አወቀችው።

«የእህቱ ልጅ ነሽ አይደል?» አለችኝ። «መጀመሪያ ቀን ስትገቢ ጠርጥሬያለሁ። አፍንጫችሁ አንድ ነው።»

«ያ የጥያቄ ምልክት የእርስዎ ነው?»

«ዋናው ቅጂ ላይ አለ። ስለዚህ ሁሉም ላይ ይወጣል።»

«መልሱን ለምን አላረሙትም?»

«መልስ ማረም የአስተማሪ ሥራ ነው። የእኔ ማባዛት ነው።» ማሽኑን ከፈተች፣ ዘጋች። «ምንድነው ይሄ ብሎ የሚጠይቀኝን ምዕራፍ ስድስትን አንብብ እለዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት የጠየቁኝ አሥራ አንድ ናቸው። ያ የእናንተ 'ግን' አሥራ ሁለተኛ ነው። እሱማ አልወጣም ብሎ ሲከራከረኝ ዋለ።»

እርስዎ ይቅርታ እንደሚጠይቋት ነገርኳት። እንዲህ ብለው አልጻፉም፤ ግን እንደዚያ መሰለኝ። የቅጾቹን ቅጂ ቆጥራ ጨረሰች።

«ይቅርታ ብሎ የሚልክልኝ ምን አደርገዋለሁ፤ የት አስቀምጠዋለሁ?» አለችኝ። «ማውጫው ላይ አንድ ምዕራፍ አለበት። እሱን ይጻፍ። እኔ አባዛዋለሁ።»

ይኸው፣ ቃሏን አድርሻለሁ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በግንቦት መጨረሻ ነው። አሁን የምለምንዎት እኔ ብቻ አይደለሁም።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 12

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ይብዛልሽ፤ ለእሷም።

ኮፒ ቤት መሆኗን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም። ታመምኩ አልኳቸው። ለእናትሽ ይህን አትንገሪ።

ብዙ ጻፍኩ፤ ብዙ ቀደድኩ። አንደኛው አሥራ አራት ገጽ ደርሶ ነበር፤ ሳነበው ሁሉም ስለ እኔ ሆኖ አገኘሁት፤ ስለዚያ ዘመን፣ ስለ ድካሜ፣ ስለ ብርዱ። ጥሩ ተጽፏል፤ ቀደድኩት። የቀረውን በሥራ ሰዓት፣ በአንዱ ባለ ሻንጣና በሌላው መካከል ጻፍኩት። ገጽ አይሞላም። እንዳለ አግቢው፤ አታሳምሪው።

ምዕራፍ አሥራ ሁለት
ስለ ስህተት

በምዕራፍ ሰባት የዘጠነኛው መልመጃ መልስ ተሳስቷል። ትክክለኛው «አይከተልም» ነው። ምክንያቱ ምዕራፍ ስድስት ላይ አለ፦ «ሁሉም» የሚለው ቃል ማንም እንዳለ አይመሰክርም።

ስህተቱን ያየችው ተማሪ ናት። አስተማሪው አልሰማትም፤ ጥያቄዋን እንደ ስድብ ቆጠረው። ሙግትን ትቶ ተሟጋቹን መመልከት ምዕራፍ አራት ላይ በስሙ ተጠርቷል፤ የጻፈውም ይኸው አስተማሪ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተማሪዋ ትክክል እንደነበረች አወቀ። ከዚያ በኋላ የሆነው ስህተት አይደለም፤ ዝምታ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት።

የመልመጃው ድምዳሜ እንዲከተል አንድ መነሻ ይጎድለዋል፦ «ቃሉን የሚጠብቅ ቢያንስ አንድ አስተማሪ አለ።» ብዙ አያስፈልግም፤ አንድ ይበቃል። ይህን መነሻ የዚህ ሃንዳውት ጸሐፊ መጨመር አይችልም።

መልመጃ፦ ማን ይችላል?

ይኸው ነው። ምንም ብትዪኝ ከዚህ በላይ አይመጣልኝም።

አጎትሽ


ሰኔ 4

ለምወድዎት አጎቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ እንቅልፍዎ፣ መደርደሪያዎችዎ ሁሉ ደህና ናቸው? እናቴ ደህና ናት። የታመሙትን አልነገርኳትም፤ ግን የእርስዎን ጽሑፍ ካየች በኋላ «እጁ ተንቀጥቅጧል» አለች። ምን መነሻ ይዛ እንደደረሰችበት አላውቅም፤ ይከተላል።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አምስት ሰዎች፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ በአምስቱም ፊት የእኔ ሞጁል። አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገና ቀና ሳይል «ይህ ይቆይ» አለ። የቀሩት አዩት። «ምዕራፉ ይቆይ ማለቴ ነው፤ አይውጣ» አለ። ብዙ አልተከራከሩም።

ሞጁሉ ጸደቀ። እኔ አልጸደቅሁም። «ለቦታው ማስታወቂያ ይወጣል፤ መወዳደር ትችያለሽ» የሚል ደብዳቤ ሰጡኝ። ሰብሳቢው በኮሪደር አግኝቶ «ስልሳ አንድ የእርማት ቅጽ በአንድ መንፈቅ፣ ልጄ፣ ለሥራ መዝገብሽ ጥሩ አይደለም» አለኝ። በክፋት አይደለም የነገረኝ፤ ደክሞት ነው።

ያዘንኩ እንዳይመስልዎት። እሺ፣ አዝኛለሁ። ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም፤ በሦስተኛው እናቴ ብርድ ልብሱን ገፍፋ «አሁን በቃሽ» አለችኝ። ሌላ ከተማ አዲስ የተከፈተ ኮሌጅ አለ፤ አመልክቻለሁ። ሥነ አመክንዮ የለንም፣ ካመጣሽው ግን እንቀበላለን አሉኝ። ይዤ እሄዳለሁ። «ግን» ሁለተኛ ዓመት ያልፋል፤ ፍልስፍና መርጧል፤ አባቱ ተጣልቶታል።

ምዕራፉን ለኮፒ ቤቷ የወሰድኩት ከኮሚቴው በፊት ነበር። ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁልዎት ነው።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። እርሳሱን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ በግራ እጇ ያዘች፤ እንደምታርም ሰው። አንድ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከላይ ጀምራ ሌላ ጊዜ። «መጨመር አይችልም» የሚለው ላይ ስትደርስ እርሳሱ ቆመ።

«አንቺ እስከ መቼ ነሽ እዚህ?» አለችኝ።

«እስከ ሰኔ ነበር ውሌ። ከዚያ በኋላ አላውቅም።»

«ቅጾቹን ሁሉ አስፈረምሽ?»

«ስልሳ አንዱንም።»

ራሷን ነቀነቀች። ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። ከዚያ እርሳሱን ጆሮዋ ላይ መለሰችው፣ የማሽኑን ክዳን አነሳች፣ ገጹን መስታወቱ ላይ አስተካክላ አስተኛችው።

«ስንት ቅጂ?» አለችኝ።

ሁለት መቶ አሥራ አራት አልኳት። ሲወጡ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ጎናቸው ንጹሕ ነው፤ የጥያቄ ምልክት የለበትም። ለእርስዎ አንዱን ልኬያለሁ።

የእህትዎ ልጅ